ዋስትናዋ ሳይነካ ካምባ ደረስን

ዓርብ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፣ ሲቀላ

ገና አልነጋም፤ ግቢያችን ውስጥ የቆመችው ፒካፕ ግን ታበራለች። ነጭ፣ ባለ አራት በር፣ የወንበሮቿ የፋብሪካ ላስቲክ ገና ያልተነሳ፣ ሲቀመጡበት የሚንኮሻኮሽ። የጋሽ አንጁሎ ናት። ጋሽ አንጁሎ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰው አይሱዙ ሙዝ ሲጭኑ ኖረው በስድሳ ዓመታቸው የራሳቸውን መሪ የጨበጡ ሰው። ከአሁኑ እንዲገባችሁ፦ እሳቸውን መጥላት አልችልም። ብችል ኖሮ ይሄ ጽሑፍ አጭር ይሆን ነበር።

የምሄደው ለሥራ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ ሦስት ዓመቴ። ያላመለከትኩበት ማስታወቂያ የለም። በመጨረሻ ካምባ ወረዳ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ተፈትኜ አንደኛ ወጣሁ። ስሜ በተለጠፈ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ በአካል ቀርቤ ካልፈረምኩ ተጠባባቂዋ ትፈርማለች። አምስተኛው ቀን ዛሬ ነው። ቢሮው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል።

ስሜ መለጠፉን የሰማሁት ረቡዕ ማታ ነው። ሐሙስ በቅጥቅጥ አውቶቡስ ልሄድ ቦርሳዬን ዘግቼ ነበር። ጋሽ አንጁሎ ሰምተው መጡ።

«የመንግሥት ሥራ ያገኘች ልጅ ከዶሮና ከከሰል ጋር ተጭና ትገባለች? እኔ መኪና እያለኝ? ካምባ ያሉት ዘመዶቻችን ምን ይሉኛል?»

«እንግዲያው ነገውኑ ይውሰዱኝ፣ ጋሼ።»

«ነገ ትታጠባለች። ቆሻሻ መኪና ይዤ ካምባ አልገባም።»

እናቴ እንደ ምርቃት ተቀበለችው። እኔ ቦርሳዬን መልሼ ከፈትኩ።

ዓርብ፣ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ሙዙ መሀል

የኮንሶን አስፋልት ይዘናል። ግራና ቀኝ ሙዝ፣ ሙዝ፣ አሁንም ሙዝ። ሴቶች ማንጎ በሳፋ ደርድረው ዳር ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ አንጁሎ የሚያውቁት ሰው ባዩ ቁጥር ክላክስ ያደርጋሉ፤ የማያውቁት ሰው ደግሞ የለም።

ዳሽቦርዱ ላይ አንድ ቢጫ መብራት በራ። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር የቻይንኛ ጽሑፍ መጣ፣ አንዲት ሴትም ከድምፅ ማጉያው በትሕትና የሆነ ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?» አሉኝ ጋሽ አንጁሎ።

«እኔ ቻይንኛ የት ተማርኩ?»

«አሥራ ሁለተኛ ጨርሰሽ የለ?»

መሪው ከበደ። ሞተሩ ጠፋ። በራሷ ፍጥነት ተንሸራትታ ዳር ያዘችና ቆመች።

ለካ የመጀመሪያዋ አይደለም። በገዟት ወር ውስጥ እዚያው ከተማችን ሴቻ ዳገት ላይ ሁለት ጊዜ ጠፍታባቸዋለች። የሸጡላቸው ሰዎች በስልክ «ሶፍትዌር ነው፤ አዲስ አበባ አምጡት» አሏቸው። «ሌላ ጋራዥ እጁን ካስገባ ግን ዋስትናው ይሰረዛል።» የዋስትናውን ወረቀት በፕላስቲክ ሸፍነው ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው ጋር ያስቀምጡታል። አንድም ቀን ግን አዲስ አበባ አልወሰዷትም። ሙዙን ማን ይጭነዋል?

ሃያ ደቂቃ ተቀመጥን። ቁልፏን ተጫኑ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሳች።

«ደክሟት ነው» አሉ።

«በአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ?»

ክላክስ አድርገው ነዱ።

ዓርብ፣ 3 ሰዓት፣ የገረሴ ዳገት

አስፋልቱን ከተውን በኋላ ያለው መንገድ ጠጠርና ጥምዝ ነው። ሙቀቱ ከኋላችን ቀረ፤ እንሰት፣ ቀርከሃ፣ ጉም። ዶርዜን ለማየት የሚመጡ ፈረንጆች ይሄኛውን ተራራ ቢያዩት ምን ይሉ ነበር እያልኩ ነበር፣ ጥምዙ መሀል ላይ መኪናዋ ስትጠፋ። ፍሬኑ ደረቀ። ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ዘልዬ ወርጄ ድንጋይ ከጎማው ሥር ወተፍኩ፤ ጣቴ ተላጠ። ያቺ ሴትዮ ከውስጥ በቻይንኛ መናገሯን አላቆመችም።

ገበሬዎች ከእንሰቱ መሀል ብቅ ብቅ አሉ። «ሳሮ፣ ሳሮ» ተባባልን፤ ሰላምታው ረጅም ነው፣ መኪናም ቢጠፋ አያጥርም። ገፍተን እናስነሳት ሲሉ ጋሽ አንጁሎ ኦቶማቲክ በመሆኗ በመግፋት እንደማትነሳ አስረዱ። አንድ ሽማግሌ ዞር ዞር ብለው አዩዋት።

«በሬ ቢተኛ ጅራቱን ትጠመዝዛለህ። ይሄ የቱን ተይዞ ይነሳል?»

ሁሉም ሳቁ። ጋሽ አንጁሎም ሳቁ። እኔ ሰዓቴን አየሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆምን።

ዓርብ፣ 6 ሰዓት፣ ገረሴ

ከተማው መግቢያ፣ ገበያው አፍ ላይ እንደገና ጠፋች። ግማሹ ገበያ ከበበን። ከመካከላቸው መስፍን የሚባል መካኒክ መጣ፤ ቱታው በግራሶ የጠቆረ፣ ከጎንደር ለሥራ መጥቶ እዚሁ ሚስት አግብቶ የቀረ ሰው።

«አባባ፣ ይክፈቱልኝ ልይ።»

«አይነካም። ዋስትና አላት።»

«ታቦት ናት እንዴ የማትነካው?»

ሰው ሳቀ። ጋሽ አንጁሎ ተናደዱና፣ መኪናቸው ምንም እንደሌለባት ለማሳየት ኮፈኑን ራሳቸው ከፈቱት። «እየው! እንደ ሰሃን ነው!»

በእርግጥም እንደ ሰሃን ነበር። አቧራ የለ፣ ዘይት የለ። መስፍን ጎንበስ ብሎ አየ፤ እጁን ግን ወደ ኋላ አጣምሮታል።

«ሞተሩን አሳጥበውታል?»

«ትናንት። ላቫጆ። በፓምፕ ሁለት ዙር!» በኩራት ነው የተናገሩት። «መጥፋቷ አቧራ ገብቷት ይሆናል ብዬ።»

መስፍን ቀና አለ። «አባባ፣ ድሮም የምትታመም ነበረች፤ እርስዎ ደግሞ አሰመጧት። ውሃው የኤሌክትሪክ ሶኬቶቹ ውስጥ ነው ያለው። አንድ ሰዓት ይስጡኝ፣ ነቅዬ ላድርቃቸው።»

«ወረቀቱ ይከለክላል።»

«ወረቀቱ ፓምፕ አይከለክልም?»

ኮፈኑን ዘጉት።

እዚያ ቆሜ የተሰማኝን እንዴት ልጻፈው። ባለሙያ አይንካት የተባለችውን መኪና፣ ታክሲ ለሚያጥብ ሰው ፓምፕ አሳልፈው ሰጥተዋል፤ ያ አልቆጠረባቸውም፣ ማጠብ መንካት አይደለማ! እኔ ሐሙስን ያጣሁት ደግሞ ለዚሁ እጥበት ነው።

ሰባት ሰዓት ላይ የካምባው ቅጥቅጥ መጣ። በቀን አንድ ነው የሚያልፈው። ሾፌሩ በመስኮት «ካምባ! የቀረው ሁለት ሰው ነው!» ይላል። ቦርሳዬን አነሳሁ።

«ጥለሽኝ ልትሄጂ ነው?» አሉ ጋሽ አንጁሎ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው፤ ሰው ሁሉ ግን ይሰማል። «አሥር ደቂቃ ስጪኝ። ትነሳለች።»

ገበያው አየኝ። አጎቷን በአዲስ መኪናው ፊት አዋርዳ የምትሄድ ልጅ እንዴት እንደምትታይ አውቃለሁ። ቦርሳዬን መልሼ አስቀመጥኩ። አንዲት ልጅና አንድ አዛውንት ገቡ፣ ቅጥቅጡ ሄደ። ይሉኝታዬ ያኔ ትክክል መስሎኝ ነበር።

ምሳ ቆጮና ጎመን በዳጣ በላሁ፤ ወይም ከፊቴ ተቀመጠ። ምግብ ቤቷ ያለችው ሴትዮ ሰሃኑን ወደኔ ገፋች። «ብዪ የኔ ልጅ። በባዶ ሆድ መናደድ ለጨጓራ ነው።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ኮፈኑን ስታግለው ቆየችና፣ ሩብ ጉዳይ ለአሥር ላይ መኪናዋ ተነሳች። ጋሽ አንጁሎ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። መስፍን ከጋራዡ ደጃፍ ጮኸ፦

«አባባ! ፀሐይዋ ናት የሠራችው! ዋስትናውን አሳይተዋታል?»

ዓርብ፣ 11 ሰዓት፣ ካምባ ሳይደርስ

ከተማው ከሸለቆው ማዶ በቆርቆሮው ይብለጨለጫል። መብራት፣ ጽሑፍ፣ ሴትዮዋ፣ ዝምታ። ቆመች።

ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥቼ ለቢሮው ደወልኩ። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም። «እህቴ፣ እስከ አሥራ አንድ ተኩል እንጠብቅሻለን። ከዚያ በላይ በእኔ እጅ አይደለም።»

በእግሬ ተነሳሁ። ጋሽ አንጁሎ ከኋላ «ምሕረት! ምሕረት!» ይሉኛል። ሮጥኩ፣ ደከመኝ፣ ሄድኩ፣ እንደገና ሮጥኩ። ለሰርግ የተገዛ ጫማ ለጠጠር አይሆንም። ሰዓቴ አሥራ አንድ ተኩልን አለፈ፤ አሁንም እሄዳለሁ። አሥራ ሁለት ሊሆን ሲል ከኋላዬ ክላክስ ሰማሁ። ፒካፕዋ ናት፤ ጋሽ አንጁሎ ጥርሳቸው ሁሉ ይታያል።

«ግቢ! አላልኩሽም?»

ዓርብ፣ 12 ሰዓት፣ ካምባ

ጥበቃው የወረዳውን በር እየዘጋ ነበር።

«ተጠባባቂዋ ፈርማ ወጣች። ከገረሴ በቅጥቅጡ ነው የመጣችው፤ ከአሥር ሰዓት ጀምራ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ ነበር።»

«ሰኞ ብመጣስ?»

«መጥተሽ ምን ታደርጊያለሽ? መዝገቡ ላይ ያለው የእሷ ስም ነው።» ከዚያ ጫማዬን አየና ድምፁ ለሰለሰ። «ውሃ ላምጣልሽ?»

ስመለስ ዘመዶቻችን ፒካፕዋን ከበው ይዳስሷታል። አንዷ አክስቴ አቅፋ ሳመችኝ። «እንኳን ደስ ያለሽ! እንኳን ደስ ያላችሁ!» ለየትኛው እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ጋሽ አንጁሎ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ፊቴን አይተው ገባቸው። «እግዚአብሔር የተሻለ ይሰጥሻል» አሉ፤ ቀጥለው በመሐረባቸው የበሩን አቧራ ጠረጉ።

ቅዳሜ፣ ጠዋት 2 ሰዓት፣ የመልስ መንገድ

ምንም መብራት የለም። ምንም ጽሑፍ የለም። ከካምባ እስከ ገረሴ አንዴም ሳታነጥስ መጣች። ጋሽ አንጁሎ መዝሙር ያንጎራጉራሉ።

«ታየሽ? ጥሩ መኪና ናት እኮ። አመሏን ማወቅ ነው።»

ገረሴ ገበያው ጋ ስንደርስ «ያውርዱኝ» አልኳቸው።

«ምነው?»

«በቅጥቅጥ ልሄድ ነው።»

«ምሕረት! የእህቴን ልጅ መንገድ ላይ ጥዬ ሰው ምን ይለኛል?»

«የሚለውን ይበል፣ ጋሼ።» በሩን በቀስታ ዘጋሁት፤ የተናደድኩ እንዳይመስላቸው።

አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅኩ። ከዶሮና ከከሰል ጋር ተጭኜ፣ ጉልበቴ ላይ የሰው ዘንቢል ይዤ ዳገቱን ስንወርድ፣ አንድ ጥምዝ ላይ ፒካፕዋ ቆማ አየናት። ኮፈኑ ዝግ ነው። ጋሽ አንጁሎ ጥላዋ ሥር ተቀምጠው ወረቀቱን ያነባሉ።

ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ። «አባት፣ እንውሰድዎት?»

«አይ፣ ተባረኩ! አሁን ትነሳለች!» በመስኮቱ እኔን አዩኝ። እጃቸውን አነሱልኝ። እኔም አነሳሁ። ሾፌሩ ነዳ።

ቅዳሜ፣ 9 ሰዓት፣ ሲቀላ

እናቴ በር ላይ ናት። ማታ የደወሉላት ጋሽ አንጁሎ ናቸው፤ «በሰላም ገብተናል» ብለው ዘግተውታል።

«ፈረምሽ?» አለችኝ።

«አልፈረምኩም።»

እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከኋላዬ ያለውን ባዶ መንገድ አየች።

«መኪናዋስ?» አለች።