ርብ የሞላ ዕለት

ያሰሩኝ ከወረታ ወጣ ብሎ ባለ የሩዝ መጋዘን ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት ቀድሞ የተቀበለኝ ሽታው ነበር፤ እብቅ፣ እርጥብ ጆንያና ብዙ ሰው የተነፈሰው አየር። በቆርቆሮው ላይ ካሉት የምስማር ቀዳዳዎች ቀጫጭን ብርሃን ይወርዳል። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ በሩ ሥር ቆምሁ።

«ግባ እንጂ፣ ቤት ለእንግዳ» አለ አንድ ድምፅ ከውስጥ። ሰዎች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበርሁ። ለምን እንደታሰርሁ የነገረኝ የለም፤ ደጋግሜ ጠየቅሁና ተውሁት። አብዛኞቹ እስረኞች የፎገራ ሜዳ ገበሬዎች ነበሩ። «አንተ መናገር ታውቃለህ» ብለው ካቦ አደረጉኝ። ካቦ ማለት ዳቦ የሚያከፋፍል፣ የመኝታ ቦታ የሚደለድል፣ ስለ ሌሎቹ ከጠባቂዎች ጋር የሚነጋገር እስረኛ ነው።

ጣሪያው ያፈስ ነበር። አንድ ቀን ሁለት ሰዎች በአንዲት ደረቅ ቦታ ምክንያት ተጣሉ፤ እኔም ተማሪ እንደምቆጣው እየጮኽሁ መሀላቸው ገባሁ። ይባሱን አንገት ለአንገት ተያያዙ። ሌሎች ገላግለዋቸው ነገሩ ከበረደ በኋላ፣ ጥጉ ላይ ጆንያ ደርበው የሚቀመጡ አንድ አዛውንት መሪጌታ ጠሩኝ። በሜዳው ካሉት አጥቢያዎች በአንዱ ዘመናቸውን ሙሉ ያገለገሉ ናቸው።

«ልጄ፣ ጠበኞቹ ሁለት ነበሩ። አንተ ስትገባ ሦስት ሆኑ።»

ፊቴ ጋለ። «ታዲያ ምን ላድርግ መሪጌታ? ዝም ብዬ ልይ?»

«ጥቂት ዝም በል። እኛ ማኅሌት ስንቆም ዜማ የሚያነሣው ሰው ወዲያው አፉን አይከፍትም። ትንፋሹን ይሰበስባል። አጠገቡ ማን እንደቆመ፣ የማን ድምፅ እንደደከመ ያደምጣል። አጉል ከፍ አድርጎ ካነሣው ሁሉም ይታነቃል። ካነሣው ወዲያ ደግሞ ምን መመለሻ አለው?»

ከማግስቱ ጀምሮ ዳቦው ሲመጣ፣ ማደል ከመጀመሬ በፊት እጄን ቅርጫቱ ላይ አሳርፌ አንዴ እተነፍስ ጀመር። ጠባቂ ሲጠራኝም ከመመለሴ በፊት እንዲሁ። «መምህሩ መነኮሰ» እያሉ ሳቁብኝ። እኔም በሆዴ የምስቅበት ጊዜ ነበር። ነገር ግን ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀውን ማየት ጀመርሁ፤ አንድ ሰውዬ ዳቦውን ለበሽተኛ ጎረቤቱ ያካፍል ኖሯል፤ ከጠባቂዎቹም አንዱ ሲናገር ዓይኑን ከእኛ ያሸሽ ነበር።

የርብ ወንዝ የሞላው ነሐሴ ውስጥ ነው። ሜዳው ላይ ፀሐይ ነበር፤ በስተምሥራቅ ግን ደጋው ጠቁሮ ዋለ። ከቀትር በኋላ በበሩ ሥር ውኃ ገባ። ፊት ጆንያዎቹ ረጠቡ፤ ወዲያው እብቁ መንሳፈፍ ጀመረ። አንድ ገበሬ እጁን ነክሮ አሸተተው።

«ይኼ የዝናብ አይደለም። ወንዙ ነው የመጣው።»

ሁሉም ወደ በሩ ሮጠ። የጠባቂዎቹ አዛዥ ሌሎቹን ይዞ በመኪና ወደ ከተማ ሄዷል፤ ውጭ የቀረው ያ ዓይኑን የሚያሸሽ ጠባቂ ብቻ ነው፤ ቁልፉም በእሱ እጅ ነው። ሰዎቹ በሩን በትከሻቸው ይገፉት ጀመር። «ራቁ! እተኩሳለሁ!» ብሎ ጠባቂው ጮኸ። ጠመንጃውን ሲያቀባብል ሰማነው።

እኔም ልጮኽባቸው ቃጣሁ። ግድግዳውን ያዝሁና አንዴ ተነፈስሁ። ውኃው ባቴን አልፏል። የመሪጌታን ሳል ሰማሁ። የጠባቂውንም ድምፅ እንደገና ሰማሁት፤ ይንቀጠቀጣል። ለካ እሱም ውኃ ውስጥ ነው የቆመው።

«ከበሩ ወደ ግድግዳው ጠጋ በሉ» አልሁ በዝግታ። ምን እንዳልሁ ለመስማት ዝም አሉ። ዝም ሲሉም ጠጋ አሉ።

በበሩ ስንጥቅ ጠባቂውን ጠራሁት። «ወንድሜ፣ ውኃው አንተ ጋ የት ደረሰ?»

«ጉልበቴ ደርሷል» አለ።

«ዋና ትችላለህ?»

«እኔ የደጋ ሰው ነኝ።»

«እዚህ ያሉት የሜዳው ልጆች ናቸው፣ ያውቁበታል። ክፈትልን። አንተን መሀል አድርገን ከማሳው ማዶ ወዳለው ጉብታ እንወጣለን።»

«ብትሮጡብኝስ?»

«ማንም አይሮጥም» ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ተውሁት። ስለ ሌላ ሰው እግር እንዴት እምላለሁ? ዞሬ ጠየቅኋቸው። «የሚሮጥ ሰው አለ?»

አንድ ፈርጣማ ጎልማሳ፣ ከብት ነጋዴ ነው፣ «እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ አስቤ ነበር» አለ። መሪጌታን አየት አደረገ። «ግን እሳቸውን ማን ያዝልልኛል? አልሮጥም።» ሌሎቹም «አንሮጥም» አሉ።

«ሰምተሃል?» አልሁት ጠባቂውን።

«በእመብርሃን ማሉልኝ።»

መሪጌታ ከጥጉ ሆነው፣ «ልጄ፣ የእሷን ስም እዚህ ጭቃ ውስጥ አናስገባው። ክፈት» አሉት።

ቁልፉ ተንቋቋ።

እጅ ለእጅ ተያይዘን ወጣን። የሩዙ ማሳ የት እንዳለቀ፣ መንገዱ የት እንደጀመረ አይለይም፤ ገበሬዎቹ በእግራቸው እየዳበሱ ከፊት መሩን። ከብት ነጋዴው መሪጌታን አዝሏል። መሀል ላይ ጠባቂው ጉድጓድ ረግጦ እስከ ደረቱ ሰመጠ፤ ሁለት ሰዎች ክንዱን ይዘው አወጡት። ጠመንጃው ግን ከትከሻው ወልቆ ከኋላው ካለ እስረኛ እጅ ገባ።

ሰልፉ ቆመ። ጠባቂው ፊቱ አመድ መሰለ። እስረኛው ጠመንጃውን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ፤ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ውኃው በመካከላችን ያልፋል። ምን እንደምል አላውቅም ነበር። ለማወቅ ያህል ብቻ ጥቂት ቆምሁ።

«ደረቅ መሬት እስክንደርስ ያዝለት» አልሁ። «እሱ በሁለት እጁ ሰው ይያዝ።»

ጉብታው ላይ ስንደርስ እስረኛው ውኃውን ከአፈሙዙ አራግፎ ጠመንጃውን ለጠባቂው መለሰለት። ጠባቂው ተቀበለና ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ።

አዛዡ በትራክተር ተጭኖ መጣ። ክፉ ነገር የሚናገር ፊት ነበረው።

«ማን ክፈት አለህ?» አለው ጠባቂውን።

እኔ ተነሣሁ። ጭቃው ሱሪዬን አክብዶታል። ሸሚዜን አስተካከልሁ፤ ተነፈስሁ።

«የጠየቅሁት እኔ ነኝ። እሱ ደግሞ ሁላችንንም አውጥቶናል። ይቁጠሩን።»

ቆጠረን። አንድም አልጎደለም። እንደገና ቆጠረን። ከዚያ «ተቀመጡ» አለ ብቻ። መሪጌታ ቀድመው በቀስታ ተቀመጡ፤ ነጠላቸውን ጨምቀው ትከሻቸው ላይ መለሱ። እኛም ቀጥለን ተቀመጥን። ያንን ጠባቂ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም፤ ምን እንዳደረጉትም አልሰማሁም።

ውኃው ከጎደለ በኋላ ሌላ ቦታ ወሰዱን። በጋው ሲገባ ያለ ክስ ተፈታሁ፤ ወደ ሥራዬም ተመለስሁ። ሰዎች ሲጠይቁኝ ስለ እስር ብዙ አላወራም። አሁን የመምህራን ስብሰባ ከመክፈቴ በፊት ብዕሬን አስቀምጬ ጥቂት ዝም እላለሁ። መምህራኑ ለምደውታል።

ዘንድሮ የመጣች አንዲት መምህርት ግን አላስቻላትም። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ያን ጊዜ ምን ያስባሉ?» አለችኝ ሁሉም በተሰበሰበበት።

«አላስብም» አልኋት። «ማን ማን እንዳለ አያለሁ።»

እሷም ክፍሉን በዓይኗ ዞረችው። በመስኮቱ በኩል ካለው ባዶ ወንበር ስትደርስ ቆመች። የታሪክ መምህራችን ወንበር ነው፤ እሱን አስረው ከወሰዱት ወዲህ የተቀመጠበት የለም።

«እንግዲያው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የሌለውም ይታይዎታል።»

«ይታየኛል» አልሁና ስብሰባውን ከፈትሁ።