ሳትፈትሽ አትሰካ

የቤታችንን ኮምፒዩተር አንቲቫይረስ የሚመርጠው ታላቅ ወንድሜ ነበር። አሁን እኔ ነኝ። እንዲህ ስጽፈው ቀላል ነገር ይመስላል። ለእኔ ግን ቀላል አልነበረም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ መቐለ ውስጥ አንድ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ እሠራለሁ። ስለ ፍሬን ሸራ ከጠየቃችሁኝ እመልሳለሁ። ስለ ኮምፒዩተር የማውቀው ግን ከወንድሜ ጀርባ ቆሜ እያየሁ የለቀምኩትን ብቻ ነው።

ኮምፒዩተሩ ሳሎናችን ውስጥ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። አሮጌ ነው። አባቴ ከደሴ መጥቶ እዚሁ የቀረ መምህር ነው፤ ፈተና የሚያወጣው በእሱ ነው። ታናሽ እህቴ ታጠናበታለች። እናቴ የመቐለ ልጅ ናት፤ ኮምፒዩተሩን አትነካውም፣ ግን ጠዋት ጠዋት አቧራውን የምትጠርገው እሷ ናት።

ወንድሜ አንቲቫይረስን በስሙ አያምንም ነበር። "ስሙ ለሻጩ ነው፤ እኛ ሥራውን እንይ" ይላል። ለዚህ የሚሆን ደብተር ነበረው፤ በማስመሪያ ሦስት ቦታ የከፈለው።

የመጀመሪያው ዓምድ ላይ "ስንት አባታችን ሆይ" ተብሎ ተጽፏል። ይህን ላስረዳ። አባቴ ጠዋት ሳሎን ውስጥ ቆሞ ጮክ ብሎ ይጸልያል። ወንድሜ ያኔ ኮምፒዩተሩን ያበራና፣ ተከፍቶ ለሥራ እስኪደርስ ድረስ አባቴ ስንት ጊዜ "አባታችን ሆይ" እንዳለ ይቆጥራል። ከባድ አንቲቫይረስ ከሆነ ስድስትም ሰባትም ይደርሳል። እናቴ ይህን ስትሰማ አማተበች። "ወደይ፣ ልጄ፣ በጸሎት ማሽን ይለካል?" አለችው። እሱም "እማ፣ አባዬ ከሰዓታችን ይበልጣል፤ አንድ ቀን ፈጥኖ አንድ ቀን አይዘገይም" አላት። አባቴ ጸሎቱን ሳያቋርጥ ሲስቅ ትከሻው ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው።

ሁለተኛው ዓምድ "ስንት ያዘ" ይላል። ወንድሜ ቀይ ክር ያሰረባት አንዲት ፍላሽ ነበረችው፤ "እስር ቤቷ" ይላታል። ከሰፈር ሰው ፍላሽ ላይ ያገኛቸውን ቫይረሶች እዚያ አጉሯቸዋል። አዲስ አንቲቫይረስ ሲጭን እስር ቤቷን ይሰካና ስንቱን እንደለየ ይቆጥራል።

ሦስተኛው ዓምድ "ይጠይቃል?" ይላል። አንቲቫይረሱ የያዘውን ከማጥፋቱ በፊት ባለቤቱን ይጠይቃል ወይስ ዝም ብሎ ያጠፋል፣ ማለቱ ነው። ይህ ዓምድ ለምን እንዳስፈለገ ያኔ አልገባኝም ነበር።

ኔትወርክ ባልነበረበት ጊዜ ፊልሙም ዘፈኑም የትምህርት ማስታወሻውም ከቤት ወደ ቤት የሚሄደው በፍላሽ ነበር። ቫይረሱም አብሮ ይሄዳል። አንድ ቀን ከጓደኛዬ ፊልም አመጣሁና ዝም ብዬ ሰካሁት። አባቴ ሁለት ሳምንት የደከመበት የፈተና ፎልደር ከፊታችን ተሰወረ፤ በምትኩ ሲጫኑት የማይከፈት ሾርትከት ቀረ። አባቴ አልተቆጣኝም፤ የባሰ ያፈርኩት ለዚያ ነው። ወንድሜ ሦስት ቀን ተቀምጦ ትንሽ ፕሮግራም ሠራ። ስትከፍታት ጥቁር መስኮት ትመጣለች። ቫይረሱ የደበቀውን ፎልደር እየፈለገች ታወጣለች፣ የውሸቱን ታጠፋለች። ስትጨርስ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ታሳያለች፦ "ሳትፈትሽ አትሰካ፣ ወንድሜ።"

'ወንድሜ' ያለው እኔን ነው። የአባቴ ፈተና ሙሉ በሙሉ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ ፍላሽ ይዞ ወደ ቤታችን የገባ ሰው በር ላይ የወንድሜ እጅ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል። እህቴ "አንተ ከሆቴል በር ፈታሽ ባስክ እኮ! ቀበቶዬንም ልፍታ?" ትለው ነበር። እሱም "ቀበቶሽ ንጹሕ ነው፤ ፍላሽሽን አምጪ" ይላታል።

ባለፈው ዓመት ታመመ። ስለ ሕመሙ እዚህ አልጽፍም። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር።

እናቴ ኮምፒዩተሩን በነጠላ ሸፈነችው። አርባው ካለፈ በኋላ አባቴ ፈተና ማውጣት ነበረበትና ነጠላውን አነሳው። ኮምፒዩተሩ ሲከፈት ቀይ ማስታወቂያ መጣ፤ አረንጓዴው አንቲቫይረስ ጊዜው አልፎበታል። አረንጓዴው የምለው በምልክቱ ነው። አባቴ ማስታወቂያውን አየ፣ እኔን አየ።

"እንግዲህ አንተ ነህ" አለኝ።

ደብተሩን ከመሳቢያ አወጣሁ። የወንድሜ የመጨረሻ መስመር ካለቀበት ቀጥሎ ሦስት ስሞች ጻፍኩ። አንዱ ያው አረንጓዴው ነው፤ ታድሶ። ሁለተኛው ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ የሚመጣው ነው። ይህን የመከረኝ ጎረቤታችን ተከራይቶ የሚኖር፣ እንዳ ኢየሱስ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚማር የጎጃም ልጅ ነው። "ወንድም ዓለም፣ እሱ ይበቃሃል፤ ለምን ትደክማለህ?" አለኝ። ሦስተኛው ቀዩ ነው። የሥራ ባልደረባዬ "ቀዩን ጫን፤ ዝንብ አያሳልፍም" ብሎኛል።

አንድ ችግር ነበር። አባቴ ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ጮክ ብሎ አልጸለየም። ከንፈሩ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። በመጀመሪያው ጠዋት ኮምፒዩተሩን ከማብራቴ በፊት እንዴት እንደምጠይቀው ጨነቀኝ።

"አባዬ... ጮክ በልልኝ። ልቆጥር ነው።"

ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። እናቴ ማድ ቤት ውስጥ ዕቃ እያጠበች ነበር፤ የውሃው ድምፅ ቆመ። እኔ መቁጠር ነበረብኝና ቆጠርኩ። አረንጓዴው አምስት። በሚቀጥለው ሳምንት ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮት የሚመጣው፣ አራት። ከዚያ ቀዩ፣ ሦስት። ሦስተኛው ላይ አባቴ ኮምፒዩተሩ ተከፍቶም መጸለዩን አላቆመም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ድሮው ጮክ ብሎ ነው።

እስር ቤቷንም በየተራ ሰካሁ። አረንጓዴው አራቱን አሳለፈ። አብሮት የሚመጣው ሁለቱን አሳለፈ፤ ደግሞም በየደቂቃው "ይህን ምን ላድርገው?" እያለ አሰለቸኝ። የወንድሜን ፕሮግራም እንኳ ተጠራጥሮ ጠየቀኝ። "ተዋት" የሚለውን ተጫንኩ። ቀዩ ግን ሁሉንም ያዘ። አንድም አላመለጠውም። ደብተሩ ላይ "ሁሉንም ያዘ" ብዬ በትልቁ ጻፍኩና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩ። ሦስተኛውን ዓምድ ባዶ ተውኩት። እውነቱን ለመናገር በጣም ኮርቼ ነበር። ወንድሜ እንዲህ ያለ አላገኘም ብዬ አሰብኩ።

ማታውኑ እህቴ ከትምህርት ቤት የመጣች ፍላሿን ሰጠችኝ። የማትሪክ ጥያቄዎቿ ፎልደር ሾርትከት ሆኗል። የወንድሜን ፕሮግራም ልከፍት ሄድኩ። የለችም። እስር ቤቷ ላይ ያለችው ቅጂም የለችም። የቀዩን ዝርዝር ሳይ ከቫይረሶቹ ሁሉ መጨረሻ ላይ የወንድሜ ፕሮግራም ስም ተጽፏል። ሳይጠይቀኝ ነው ያጠፋት።

ተናደድኩ። ቀዩን እዚያው ነቅዬ ጣልኩት።

ጎጃሜው ተማሪ ሲሰማ ጭንቅላቱን ያዘ። "ነቀልከው? የያዘውን ሁሉ ወዲያው አያጠፋም እኮ፤ ማቆያ ውስጥ ያስቀምጠዋል። መመለስ ትችል ነበር። አንቲቫይረሱን ስትነቅለው ማቆያውም አብሮት ይሄዳል።"

"አሁንስ?"

"አሁንማ... ከነቀልከው በኋላ ነው የምትነግረኝ?"

የወንድሜን ጓደኞች ቅጂ እንዳላቸው ጠየቅኩ። አንዱ አገር ለቋል፤ አንዱ ኮምፒዩተሩን ሸጧል። ፎቶ አለን፤ ልብሱ አለ። ግን ተናግሮ የተወው፣ ያውም ለእኔ፣ ያቺ አንዲት መስመር ብቻ ነበረች። እኔው አጠፋኋት። እናቴ "ምን ጠፋ?" ስትለኝ የማደርገው ጠፍቶኝ "የጥያቄ ፎልደር" አልኳት። ለእሷ ዋሽቼ አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ሲፒዩውን በባጃጅ ጭኜ፣ ጭኔ ላይ አቅፌ፣ ሮማናት አካባቢ ወዳለ የኮምፒዩተር ጥገና ሄድኩ። የጠፋ ፋይል ይመልሳሉ ሲባል ሰምቻለሁ። የእህቴ ፍላሽ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ባለሙያዋ መነጽር ያደረገች ጎልማሳ ሴት ናት። ሳትነሳ በትግርኛ፣ ወንድሜ ብላ ሰላም አለችኝ።

"ከመይ ውዒልካ ሓወይ። ምን ሆነ?"

"ፋይል ጠፍቶብኝ ነው። ፍላሽም አለ፤ ቫይረስ በልቶታል።"

"የፍላሹ ቀላል ነው፤ እሱ ይቅደም።"

ሰካችው። ወዲያው አንድ ነገር ሁለቴ ተጫነች። ጥቁር መስኮት መጣ። መስመሮቹ እየወረዱ፣ የእህቴ ፎልደሮች አንድ በአንድ ብቅ አሉ። መጨረሻው ላይ ያቺ መስመር ቆመች፦ "ሳትፈትሽ አትሰካ፣ ወንድሜ።"

ጠረጴዛውን ያዝኩ።

"ምነው? ተመልሷል እኮ፤ እየው" አለችኝ።

"ይቺን... ከየት አመጣሽ?"

"'ሳትፈትሽ'ን? ማን የሌለው አለ? ኔትወርክ ያልነበረ ጊዜ አንድ ደንበኛ ትቶልን ነው። ሓወልቲ ሰፈር ያሉት ሱቆች ሁሉ አላቸው። እኛ ጋ ይሠራ የነበረ ልጅ ዓዲግራት ይዟት ሄዷል። አንቲቫይረስ ግን አይወዳትም፤ እንዳይነካት አስቀድመህ ማስመዝገብ አለብህ።"

"ማን እንደሠራት ታውቂያለሽ?"

"የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው ይላሉ።"

ምን እንደሆንኩ አላውቅም፤ ድምፄ ጮክ ብሎ ወጣ። "መምህር አይደለም። ዩኒቨርሲቲም አልገባም። ወንድሜ ነው። እዚያ ላይ 'ወንድሜ' የሚለው እኔን ነው።"

መነጽሯን አወለቀች። ወደ ኋላ ዞራ ተጣራች። "ንዓ'ስኪ፣ ና! የሳትፈትሽ ባለቤት ወንድም መጥቷል!"

ብየዳ ላይ የነበረ ወፍራም ሰውዬ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። "እውነት? የሠራት ያንተ ወንድም ነው? ንገረውማ፣ በቀን ሃምሳ ጊዜ 'አትሰካ' ይለኛል፤ ሚስቴ እንኳ እንዲህ አትቆጣኝም! የት ነው ያለው?"

"ሞቷል" አልኩት። "ዓመት አልሞላውም።"

የሰውዬው እጅ ጨርቁ ላይ ቆመ። ከዚያ ሴትዮዋ ተነስታ ወንበሯን ለእኔ ሰጠችኝ። "ኣጆኻ ሓወይ፣ አይዞህ። ነፍሱን ይማር" አለች። ሰውዬው ውሃ አመጣልኝ። እየቆየ "የስንቱን ሰው የመመረቂያ ጽሑፍ አውጥተንባታል መሰለህ" አለኝ። "አንዷ እዚህ ወለል ላይ ተቀምጣ አልቅሳለች። በደቂቃ ነው የመለስንላት።"

ፕሮግራሟን ሲፒዩው ላይ ገለበጠችልኝ። አንቲቫይረስ እንዳይነካት እንዴት እንደሚመዘገብም አሳየችኝ። ሁለት ጊዜ አሳየችኝ፤ ሦስተኛውን እኔ አደረግኩት።

ቤት ስደርስ ደብተሩን ከፈትኩ። የቀዩን "ሁሉንም ያዘ" አልሰረዝኩትም፤ እውነት ነው፣ ይዟል። ባዶ በተውኩት ሦስተኛው ዓምድ ላይ ግን "አይጠይቅም" ብዬ ጻፍኩ። አብሮት የሚመጣው ትይዩ "ይጠይቃል" አልኩ፤ እሱንም መረጥኩ። አራት አባታችን ሆይ ነው፤ ሁለት ቫይረስ ያሳልፋል። ያሳለፈውን በር ላይ ቆሜ እኔ እይዛለሁ። አባቴ ምርጫዬን አነበበና በቀይ እስክሪብቶው፣ ፈተና እንደሚያርም ሁሉ፣ ጎኑ ላይ ራይት አደረገበት።

ለእናቴ ዋሽቼ እንደነበርና ፕሮግራሟ ስንት ሱቅ እንደደረሰች ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ወንበር ስባ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጠች። ፕሮግራሟን ከፈትኩላት። ያንን ፊደል ማንበብ ስለማትችል እኔ አነበብኩላት። "እወ፣ እንደሱ ነው የሚለው" አለች። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

አሁን ፍላሽ ይዞ የመጣ ሰው በር ላይ የሚያገኘው የእኔን እጅ ነው። እህቴ "ይኸው ሁለተኛው ፈታሽ" እያለች ትሰጠኛለች። እናቴ ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ጨዋታው ምንም ይሁን ምን፣ መልሱን እያወቀችው ከማድ ቤት ትጣራለች።

"ወደይ፣ ስንት ሱቅ ነው ያልከኝ?"

እኔም ከሮማናት ጀምሬ እስከ ዓዲግራት እነግራታለሁ። እንግዳው እንዲሰማ፣ ጮክ ብዬ።