አህያና ዝሆን በታርኔት ባቡር

ብርቱካናማ የሥራ ሰደሪያ የለበሱት ሽማግሌ፣ ከአገራቸው ርቀው በሚኖሩበት ከተማ፣ በታርኔት ባቡር ውስጥ ጎናቸው የተቀመጡትን ጋሼ ሀጎስን «ዝም በል፣ አንተ አህያ!» ሲሏቸው ፊት ለፊት ያለችው ሲሀም ክው አለች።

ጋሼ ሀጎስ ግን በሳቅ ፈነዱ። «አትደንግጪ ልጄ፣ እኔ የምደግፈው የአሜሪካ ፓርቲ ምልክቱ አህያ ነው። የሱ ደግሞ ዝሆን።»

«ለፕሬዚዳንትነት ዕጩ ለመሆን የሚራኮቱትን የሱን ሰዎች አየሻቸው?» አሉ ሽማግሌው። «አስሩ ቢደመሩ አንዱን የኛን አይጥሉም!»

ሲሀም አላስቻላትም። «የሰው አገር ምርጫ ምን ያንገበግብዎታል ጋሼ? የራሳችን ጉድ እያለ!»

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የራሳችንንማ አንድ ቀን ከሀጎስ ጋር ተከራከርንና ሁለት ዓመት ተኮራረፍን። ሚስቱ ስትሞት እንኳ ለቅሶ አልደረስኩም።»

ባቡሩ ዲር ፓርክ ጣቢያ ሲቆም ሽማግሌው የጋሼ ሀጎስን ቦርሳ ነጥቀው አነገቱ። «በል ተነስ፣ ገና መች ተከራከርንና!»