የሩፋኤል ዝናብ ሲያባራ

ከጤፍ አረም ላይ ነው የወሰዱኝ። የእጄን ጭቃ እንኳ ሳልጠርግ አስረው፣ ጣልያን ቡሬ ላይ ወደ መሸገበት ኮረብታ አወጡኝና ከአንድ ባላባት በተቀማ የእህል ቤት ወረወሩኝ። ቤቱ መስኮት የለውም። ጣራው ያፈሳል፤ ውስጡ የሻገተ ገብስና ሽንት ይሸታል።

ሁለት ቀን በአለንጋ ገረፉኝ። ለአርበኞች እህል የሚያቀብለው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። በሦስተኛው ቀን ተናገርሁ። የጠራሁት ስም ከመንደራችን ማዶ የሚኖሩ የአንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበር። በማግስቱ አምጥተው ከእኔው ጋር ዘጉባቸው። በሩን ጎንበስ ብለው ሲገቡ ሳያቸው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"አይዞህ ልጄ" አሉኝ። "አንተንም ያለ ጥፋትህ ነው የያዙህ?"

የሚቀመጡበትን ደረቅ ስፍራ ለቀቅሁላቸው።

ጳጉሜን ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት ጠዋት፣ የጣልያኖቹ አስተርጓሚ በሩን ከፈተ።

"ገበያው ላይ መስቀያው ቆሟል። ዝናቡ ሲያባራ እንወስድዎታለን" አላቸው ሽማግሌውን። ባንዳ ሆኖም አንቱ ማለቱን አልተወም።

ሌላ ቀን ቢሆን የጣራውን ፍሳሽ እንራገም ነበር። የሩፋኤል ዕለት የሚዘንበው ግን ጠበል ነው፤ ሰማይ የሚከፈትበት ቀን ነው እየተባልን ነው ያደግነው። ሽማግሌው መዳፋቸውን ገጥመው ፍሳሹን ያጠራቅሙ ጀመር።

"ሳልታጠብስ አልሄድም" አሉ።

ፊታቸውን ሊያብሱ ሲሉ ጀርባዬን አዩ። እጀ ጠባቤ ከቁስሉ ጋር ተጣብቋል። "ወዲህ ዙር" አሉኝና ያን ውሃ እላዬ ላይ አፈሰሱት። እጀ ጠባቡን ቀስ እያሉ አላቀቁት። እንደገና አጠራቀሙ፣ እንደገና አፈሰሱ። የጣራው ድምፅ እየሳሳ መጣ። ከዚያ በላይ አልቻልሁም።

"አባቴ፣ አንቱን የጠቆምሁ እኔ ነኝ።"

እጃቸው ጀርባዬ ላይ ቆመ።

"ክንድህን አንሣ" አሉኝ በመጨረሻ። "ይኸኛው ጎንህ አልታጠበም።"

አጥበው ሲጨርሱ ዝናቡ አባራ። የበሩ ቁልፍ ተንቋቋ። እሳቸው ገና ፊታቸውን አልነኩም፤ ጣራውም አንዲት ጠብታ አልሰጠን አለ። ያለኝ ውሃ ከጀርባዬ ወርዶ፣ ወገቤ ላይ ያገለደምሁትን ጋቢ ያራሰው ብቻ ነበር። ጫፉን ይዤ ተነሣሁ።

"ደም አለበት፣ አባቴ።"

"ቢኖርበትስ" አሉና ራሳቸውን ዝቅ አደረጉልኝ። ግንባራቸውን፣ ዓይናቸውን፣ ጢማቸውን ጠረግሁ። አስተርጓሚው በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካክለው ለብሰው ወጡ።

እኔን በመስቀል ሰሞን ለቀቁኝ። አሁን በእሳቸው ዕድሜ ላይ ነኝ። ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ቀኖናዬን ፈጽሜያለሁ፤ ሆኖም ሐፍረቱ አልለቀቀኝም። ሽማግሌው ይቅር ብዬሃለሁ ሲሉ አልሰማሁም። ያሉኝ ክንድህን አንሣ ነው።

የልጅ ፊት ሳጥብ፣ ቀንበር የላጠውን የበሬ ጫንቃ ሳጥብ እጄ ይዘገያል። ባለቤቴ "ጸሎት ላይ ነዎት እንዴ?" እያለች ትስቅብኛለች።

አዎ እላታለሁ። ቀልድ ይመስላታል።