እህቴ ያመጣችው የባሕር እንግዳ

ባለፈው ሳምንት እናቴን ለዓይኗ ሕክምና ደብረ ብርሃን ወስጃት ነበር። ወረፋ ከምንጠብቅበት አግዳሚ ወንበር አጠገብ አንድ የዓሣ ገንዳ ቆሟል፤ ሁለት ቀያይ ዓሦችና የፕላስቲክ ሣር ያሉበት፣ ለጌጥ የተቀመጠ ነው። እናቴ እንኳን ዓሣውን የእኔንም ፊት የምትለየው በድምፄ ነው። ነጠላዋን ከጆሮዋ ገለጥ አድርጋ አዳመጠች።

«ይኼ የሚንቆረቆረው ምንድን ነው?» አለችኝ።

«የዓሣ ውሃ ነው እማዬ። አየር የሚነፋለት ሞተር አለው።»

«የአስካለን ነው የሚመስለው» አለች።

ወዲያው የእናቴ ስም ተጠራና ገባን። አስካለ ታላቅ እህቴ ናት። ያ የሚንቆረቆር ድምፅ ቤታችን ውስጥ ሰባት ወር ያህል ሲሰማ ኖሮ በእኔ እጅ ነው ጸጥ ያለው። እንዴት እንደሆነ ለባለቤቴም እንኳ በወጉ ነግሬያት አላውቅም። ከሐኪም ቤቱ ስንወጣ ግን ነገሩ ሁሉ ትናንት የሆነ ያህል ፊቴ ላይ ተደቀነ፤ እንግዲህ ልጻፈው።

ያኔ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነበርኩ። ራቤል በምትባለው ብርዳም የደጋ ከተማችን ውስጥ፣ ከቤታችን ደጃፍ ጋር በተያያዘች አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ሬዲዮና ቴፕ እጠግን ነበር። አባታችን ካረፈ ቆይቷል። አስካለ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እኔ «እታለም» እላታለሁ፣ እሷ «ወንድምዓለም» ትለኛለች። ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ስምንት ዓመት ቆይታ በጥር ወር መመለሷን ሰማንና መናኸሪያ ወጥተን ጠበቅናት። አውቶቡሱ የጓሳን ውርጫም ደጋ አቋርጦ ነው የሚመጣው፤ መስኮቱ ሁሉ ከብርዱ የተነሣ ጉም ለብሶ በውስጡ ያለው ሰው አይለይም። ሌላው መንገደኛ ሻንጣውን ሲያስወርድ እሷ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ደረጃውን በእግሯ እየዳበሰች ወረደች። እናቴ ሕፃን መሰላት። መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥሎ ፊቷ በራ፤ ከዚያ ምንም ሳትጠይቅ እጇን ዘርግታ «አምጪው ልጄ፣ ደክሞሻል» አለቻት።

ቤት ገብተን ብርድ ልብሱ ሲፈታ የበረዶ መያዣ ሳጥን ወጣ። ከሳጥኑ ውስጥ ውሃ የሞላው ላስቲክ፣ ከላስቲኩ ውስጥ ደግሞ ጭብጥ የሚያህል ቡናማ ነገር። የክረምት ዝናብ ካባራ በኋላ ሣር መሐል የሚወጣውን እንጉዳይ ይመስላል። አስካለ ኮራል ነው አለችን። ሰው ኮራል ሲባል የሚያስበው ድንጋይ የሚሆነውን ነው፤ ይኼኛው አጥንት የሌለው፣ ለስላሳው ነው። ከባሕር አለት ላይ ተጣብቆ የሚኖር ሆኖ ሳለ ተክል አይደለም፣ እንስሳ ነው። እናቴ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰምታ ስታበቃ «እንግዲህ እንግዳ ነው» አለች፤ ከዚያ ወዲያ ስሙ እንግዳው ሆኖ ቀረ።

ስለ ስምንቱ ዓመት ግን እህቴ ምንም አልነገረችንም። ምግብ ሲቀርብላት ለይሉኝታ ያህል ትቀምሳለች። አንገቷን ደፍታ፣ ግድግዳ ተደግፋ ታንቀላፋለች እንጂ አልጋ ላይ ጋደም አትልም። ከኋላዋ ሰው ሲያልፍ ትደነብራለች። እናቴ «ምን አደረጉሽ?» ስትላት ፊቷን ታዞራለች። አንደበቷ የሚፈታው ስለ እንግዳው ሲሆን ብቻ ነው። የአሠሪዋ አሮጊት እናት ቤት ውስጥ ትልቅ የባሕር ውሃ ገንዳ ነበራቸው፤ አያያዙን ያስተማሯት፣ ስትመጣም ቆርጠው የሰጧት እሳቸው ናቸው። «በዚያ ቤት በስሜ የሚጠሩኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ» አለችኝ አንድ ቀን። ስለዚያ ቤት የማውቀው ይኼንኑ ነው።

በመስኮት መስታወትና በሲሊኮን ማጣበቂያ ገንዳ ሠራሁላት፤ ሁለት ጊዜ አንጠባጥቦ በሦስተኛው ያዘ። የአየር መንፊያውን፣ ማሞቂያውንና የባሕር ውሃ የሚበጠበጥበትን ጨው ይዛ መጥታ ነበር። ራቤል መብራት ከገባ ገና ቅርብ ጊዜው ስለነበር ከሚበራበት የሚጠፋበት ይበዛል። መብራት በጠፋ ቁጥር ገንዳው ጋቢ ይለብሳል፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ የሞቀ ውሃ ይቀመጥበታል፣ እኔም በብስክሌት ጎማ መንፊያ አየር እነፋለታለሁ። «እኛ ብርድ ላይ፣ እንግዳው ጋቢ ውስጥ» እያለች እናቴ ታሾፋለች፤ የምታለብሰው ግን የራሷን ጋቢ ነበር። ጎረቤቱም ሊያይ ይመጣል፤ የገብስ ቆሎውን እየቆረጠመ ገንዳው ፊት ይቀመጥና ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያጣ ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል።

በመጋቢት፣ ዐቢይ ጾም ላይ፣ አስካለ አዲስ ምላጭ አስገዛችኝ። እንግዳውን ከውሃው አውጥታ እርጥብ ሳሕን ላይ አስቀመጠችውና ዙሪያውን በትንሽ በትንሹ ቆረጠችው። ዝልግልግ ያለ ነገር ወጣው። ቤቱን የሚሰነፍጥ ሽታ ሞላው። እኔ ባሕር ምን እንደሚሸት ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

«አያመውም?» አለች እናቴ።

«ይሸማቀቃል እማዬ። ቆይቶ ግን የተቆረጠው ሁሉ ራሱን ችሎ ይኖራል።»

ስድስት ቁራጭ ወጣው። እያንዳንዱን ጠፍጣፋ ጠጠር ላይ አድርጋ፣ ድንጋዩን እስኪይዝ ድረስ እንዳይንሸራተት በስፌት ክር አሰረችው። እናቴ ክሩን አይታ «ማተብም አሰርሽለት?» ስትላት አስካለ ሳቀች። ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። እናቴ ሳቁ እንዳያልቅባት ይመስለኛል፣ ቶሎ ብላ ጨመረችበት።

«እንስሳ ከሆነ በዚህ ጾም ምን ሊበላ ነው?»

«የሚበላው ብርሃን ነው።»

«እንግዲያስ ከመነኩሴም ይበልጣል» አለች እናቴ።

ግንቦት ሲገባ ስድስቱም ድንጋያቸውን ያዙ። አስካለ ክሮቹን አንድ በአንድ በምላጭ ስትበጥስ አጠገቧ ነበርኩ። ወደ ዓረብ አገር የሚልከው ደላላ በዚያ ሰሞን ሁለት ጊዜ ሰው ልኮባት ነበር፤ እናቴ እንደገና ልትሄድብኝ ነው ብላ እህል አልዋጥ ብሏት ከርማለች። አስካለ የመጨረሻውን ክር ስትጥል እናታችንን ቀና ብላ አየቻትና «ይኼ እዚህ ብርድ ላይ ከኖረ እኔም እኖራለሁ፤ አልሄድም» አለች። ቀልድ አልነበረም። ሁላችንም እንደ ቃል ኪዳን ነው የያዝነው።

ፍልሰታ ሲደርስ እናቴ ሁለቱን ሱባኤ ጠበል ቦታ ይዛት ልትወርድ ለመነቻት፤ እንቅልፉ አሁንም አልተመለሰላትም ነበርና። አስካለ እንግዳውን ለማን ትቼ አለች። እኔ አለሁ አልኳት። ሊሄዱ ሲሉ ወደ ክፍሌ መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ እኔ የአንድ ቄስ ሬዲዮ ከፍቼ እበይድ ነበር።

«ውሃው ካደረግሁበት ምልክት ሲጎድል ጨው የሌለው ንጹሕ ውሃ ጨምርበት፣ በስኒ ብቻ። የሚተነው ውሃው ነው፣ ጨውማ እዚያው ይቀራል። ደግሞ ቆዳውን የሚለውጥበት ጊዜ አለ። ያኔ ይዘጋል፣ የሞተ ይመስላል። እንዳትነካው ወንድምዓለም፤ ራሱ ይከፍታል።»

«እሺ እታለም» አልኳት።

እሺ ያለው አፌ ነው። የስኒውን ነገር ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን የሰማሁት ጭሱ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ ቀጭኑን ሽቦ እንዳላቃጥል እየተጨነቅሁ ነው። ቃል በቃል ትዝ ያለኝ ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው።

በስድስተኛው ቀን ትልቁ እንግዳ ተዘጋ። ላዩ ላይ የሚዘረጋቸውን ጣት መሰል ትንንሽ ነገሮች ወደ ውስጥ ሰበሰበ፣ አመድማ ሆነ፣ ላዩ ላይ ቀጭን የሚያብረቀርቅ ሽፋን አወጣ። በማግሥቱ ሦስቱ ቁራጮች ተከተሉት። ውጭ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፣ እኔ ገንዳው ፊት ተንበርክኬ «እህቴ ምን ትላለች» ከማለት በቀር አእምሮዬ አይሠራም። በዚያው ቀን ከጠበል ቦታ የተመለሰ ጎረቤታችን በር አንኳኳ። እናቴ እንድጠጣው ብላ አምስት ሊትር ጠበል በጀሪካን ልካልኛለች።

እህቴን ይፈውሳል ያልነው ጠበል የእሷን እንግዳ የማይፈውስበት ምን ምክንያት አለ? በስመ አብ ብዬ፣ በሦስቱ ስም ሦስት ጊዜ በጣሳ ጨመርኩለት። ሲነጋ ለውጥ አጣሁ። እምነቴ ያነሰ መስሎኝ ከገንዳው ያንኑ ያህል ውሃ በባልዲ ቀድቼ ጥግ ላይ አስቀመጥኩና ጀሪካኑን እንዳለ ገንዳው ውስጥ ገለበጥኩት። ስለ ጨው የነገረችኝን ዘንግቼው አይደለም። ጠበል ውሃ መሆኑ ነው ያልታሰበኝ።

በማግሥቱ እንግዳው በተለየ መንገድ ታመመ። ሽፋኑ ሳይሆን ሥጋው ራሱ ይላጥ፣ ይቀልጥ ጀመር። ያን ጊዜ ነቃሁ፤ የባሕሩ ውሃ ቀጥኖበታል። የሚበጠበጠው ጨው ቁምሣጥኑ ውስጥ አለ፤ ያን ሁሉ ውሃ ደፍቶ በአዲስ መተካት ነበር መፍትሔው። ግን እንዴት ይደፋል? ጠበል ገብቶበታል። ጠበል እግር በሚረግጠው ቦታ እንደማይደፋ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ አውቃለሁ፤ በራቤል የነሐሴ ጭቃ ደግሞ እግር ያልረገጠው መሬት ከየት ይመጣል? የንስሐ አባታችን ሱባኤ ይዘው ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይወጡም ነበር። ሁለት ቀን ደጁን ተመላለስኩ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከቅዳሴ ሲወጡ አገኘኋቸውና ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኋቸው።

«ከአጥሩ ጥግ፣ ከጽዱ ሥር አፍስሰው ልጄ» አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ «ይህን ለመጠየቅ ነው ሁለት ቀን የቆየኸው?» አሉ። የወቀሳ ድምፅ አልነበረውም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

በባልዲ እየቀዳሁ ስድስት ጊዜ ተመላለስኩ። ለመጨረሻው ባልዲ ስመለስ ትልቁ እንግዳ ከድንጋዩ ለቆ ነበር። በእጄ ላነሣው ስል በጣቶቼ መሐል አለቀ። ቁራጮቹም ባዶ ጠጠር ሆነዋል። የቀረኝ ሽታው ብቻ ነው።

ጾሙ ተፈትቶ በማግሥቱ ተመለሱ። እናቴ ገና ከበሩ ስትገባ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋደም ብላ ተኛች እኮ፤ ሦስት ቀን ሙሉ እንደ ልጅ ተኛች» አለችኝ። የአስካለ ፊት ሞልቶ ነበር። ወደ ገንዳው ሄደች፣ ጋቢውን ገለጠች፣ ባዶዎቹን ጠጠሮች አየች።

«ተዘግቶ ነበር?»

«አዎ።»

«ላዩ ሽፋን አውጥቶ?»

«አዎ እታለም።»

«ቆዳውን እየለወጠ ነበራ» አለች። ከዚያ ምን እንደጨመርኩበት ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። እናቴ ያን ስትሰማ የላከችው ጀሪካን ትዝ አላትና በእጇ አፏን ያዘች። አስካለ ሁለታችንንም አየችን። «በደግ አስባችሁ ነው» አለች። ልትቆጣ ይገባት ነበር፤ ልትጮህብኝ፣ ልትሰድበኝ። እሷ ግን መስታወቱን አጥባ፣ በጨርቅ አድርቃ፣ ማሞቂያውን ጠቅልላ አስቀመጠችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደገና ግድግዳ ተደግፋ ታንቀላፋ ጀመር።

በጥቅምት፣ ገብሱ ገና ሳይደርስ፣ ገበያ ደርሼ ልምጣ ብላ ወጣች። ከሦስት ሳምንት በኋላ በጎረቤታችን ባለ ሱቅ ስልክ ደወለች። ጅቡቲ ባሕር ዳር ናት፤ ከሌሎች መንገደኞች ጋር ወደ ዓረብ አገር የሚያሻግራቸውን ጀልባ እየጠበቁ ነው። ስትሄድ ያማት የነበረው የእናታችን ጉልበት ተሻላት ወይ አለችኝ። ተሽሏታል አልኳት። ስለ እንግዳው አላነሣችም። እኔ ይቅር በይኝ ለማለት ቃሉን ስፈልግ መስመሩ ተቋረጠ። ያ የመጨረሻው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስለ እሷ የሰማነው ነገር የለም።

ዘመዶቻችን የእንግዳውን ነገር ከእናቴ ሲሰሙ «ሰው ለአንድ እንጉዳይ ብሎ አገር ጥሎ አይሄድም» ይላሉ። ልክ ይሆናሉ። የጅዳው ቤት ሕመም ነው የወሰዳት፣ ደላላው ነው የወሰዳት፣ ድህነታችን ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ለሌላ ሰው ብሆን እኔም የምለው ይኼንኑ ነው። ለራሴ ስለው ግን አይገባኝም። ብረሳው ብዬ ሥራ ቀየርኩ፣ ሚስት አገባሁ፣ ልጆች አሳደግሁ፣ ሸበትኩ። አልቀለለኝም። ከእንግዲህም ይቀልለኛል ብዬ አልጠብቅም።

ከደብረ ብርሃን በተመለስን በሦስተኛው ቀን እናቴ ወረቀት አምጣ አለችኝ። ፍልሰታ ሊገባ ነው፤ በጸሎት እንዲታሰቡልን ለቤተ ክርስቲያን የምንሰጠውን የክርስትና ስም በየዓመቱ የምጽፍላት እኔ ነኝ። ከላይ በሕይወት ያሉት ናቸው፣ ከታች ያረፉት። አስካለን፣ በክርስትና ስሟ ወለተ ኪዳንን፣ እስከ አምና ድረስ ከእኔ ስም ቀጥሎ ከላይ ነበር የምታስጽፈኝ፤ እኔም እንዳለችኝ እጽፋለሁ። ዘንድሮ ከእኔ ስም ቀጥሎ የልጆቼን አስጽፋኝ ወደ ታች አለፈች። የረሳች መስሎኝ «ወለተ ኪዳንስ?» አልኳት።

«እሷን ከአባትህ ሥር አድርጋት» አለች።

ጻፍኩ። እናቴ ለማየት የሞከረች ይመስል ወረቀቱን በጣቷ ዳሰሰችውና «በል አንብብልኝ» አለች። ከላይ ጀምሬ ስም በስም አነበብኩላት። ከአባቴ ስም በኋላ ቆምኩ። ጠበቀችኝ፤ ሳልቀጥል ስቀር «ወለተ ኪዳን» ብላ ራሷ ጨረሰችው።