ማሽኖቹ የገቡ ዕለት የተደረገው ዱዓ

ኮምቦልቻ ውስጥ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሸማኔ ሆኜ በተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመት ኑሮ እንደተሻሻለ አልክድም። ደመወዝ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። ተከራይቼ የምኖርበት ግቢ ባለቤት፣ ከደጋን የመጡ እናት፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸው ፈትል ክፍል ስለገቡላቸው የሣር ጣሪያቸውን በቆርቆሮ ለውጠዋል። ወንዱ ልጃቸው ግን በገበያ ቀን ለውትድርና ታፍሶ ከሄደ ሰባት ወሩ ነው። አንድም ደብዳቤ አልመጣም።

አዳዲስ ማሽኖች ሲገቡ ከሌላ ክፍለ ሀገር ወደ ደሴ በቅርቡ የተዛወረ ካድሬ መጥቶ ሠራተኛውንና ቤተሰቡን አዳራሽ ሰበሰበ። ጽሕፈት በራሴ ብማርም ፊደሌ ይነበባል ተብሎ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆንኩ። ካድሬው ስለ ማሽኖቹ ብዙ ተናገረ። ጭብጨባው ቶሎ በረደ። ይኼኔ ፊት የተቀመጡትን ሼህ አይቶ፣ «እስኪ አባባ፣ ለመንግሥታችን ዱዓ ያድርጉ» አላቸው።

ለአገሩ እንግዳ ስለነበር ዱዓን እንደ ንግግር ቆጥሮታል። እኛ ዘንድ በዱዓ ላይ ሐጃ ያለው ሰው ጉዳዩን አውጥቶ ይናገራል፤ የቀረው አሚን ይልለታል። ሼሁ ስለ ዝናቡም ስለ ሥራውም አላህን አመሰገኑ። አሚን አልን፣ በልኩ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው፣ «ሐጃ ያለው ይናገር» አሉ።

የቤት አከራዬ ተነሡ። «ልጄን በደህና ይመልስልኝ።»

«አሚን!» አለ አዳራሹ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም።

«የኔንም!» አለች አንዷ ከኋላ።

«አሚን!»

የፈትል ክፍሉ አለቃ ለካድሬው አንሾካሾከለት። «እናቴ፣ ሁለት ልጆችዎ እኮ እዚሁ ይሠራሉ» አለ ካድሬው። «ቤትዎም ቆርቆሮ ለብሷል አሉ።»

«ለብሷል ልጄ፣ እጃቸው አይዛል። አንተ እናት አለችህ?»

«አለች።»

«ያለህበትን ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

«ታድላ!»

አንድ ሰው ሳቀና አፉን ያዘ። አከራዬ አጠገብ የነበሩት ሴቶች «አብሽሪ፣ አይዞሽ» እያሉ አስቀመጧቸው።

ስብሰባው ሲበተን ካድሬው ደብተሬን ተቀብሎ አነበበ። «ይኼን የልጁን ነገር ሰርዝና ተሰብሳቢው ድጋፉን ገለጸ በል» አለኝ። በአንድ ቀጭን መስመር ሰረዝኩት።

በማግሥቱ አከራዬ ደጄ ላይ ቆሙ።

«ትናንት ያልኩትን ጻፍከው?»

«ጽፌው ነበር። አሰረዙኝ።»

«እንግዲያ ለልጄ ለራሱ ጻፍልኝ፤ ደህና ነን በለው።»

ወረቀት አወጣሁ። ደብዳቤው አላስቸገረኝም፤ ፖስታው ላይ ስደርስ ግን፣ «የት ልበል?» አልኳቸው። እሳቸውም አያውቁትም ነበር።