የአጥሩ ማዶ ግማሽ ፕሮፌሰር

ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እኔ ለመጻፍ የሚገባኝ ሰው አይደለሁም። ፊደል የለየሁት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው፤ በወረዳው የጎልማሶች ክፍል፣ ጉልበቴ ከሕፃናት ዴስክ ስር አልገባ እያለ። አሁንም ረጅም ቃል ሲመጣብኝ እፈራለሁ። ቲቸር ዕፀገነት «ከሰፈራችሁ የአንድ ሰው ሕይወት ጻፉ፤ በክፍል ውስጥ እናነበዋለን» ስትለን ሌሎቹ ደግ ደግ ሰው መረጡ። እኔ የመረጥኩት የምጠላውን ሰው ነው። ስለ ደግ ሰው ልጽፍ ሞክሬ በሁለተኛው መስመር ቃል አለቀብኝ። ስለዚህኛው ግን አያልቅብኝም። የተማረ ሰው ነውና ይሄን ቢያገኘው በቀይ እስክሪብቶ ይጨርሰዋል። ይሁን።

ስሙ ዶክተር ነስረዲን በከር ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ያስተምራል። ፊት ለፊት ሳገኘው «እርስዎ» እለዋለሁ፣ አንገቴንም ሰበር አደርጋለሁ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን «እሱ» ነው የምለው፤ «እሳቸው» ብዬ ልጽፍ ብል እጄ እምቢ አለኝ።

ሰፈራችን ልደታ፣ ጠመንጃ ያዥ የሚባለው ነው። እሱ የሚኖርበት የአባቱ ቤትና የእትዬ መይሙና ግቢ አጥር ለአጥር ናቸው። አጥሩ ብሎኬት ሲሆን ቁመቱ ከሰው ራስ ጋር እኩል ነው። ይሄን አጥር አትርሱብኝ።

አባቱ ሐጂ በከር ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሳሙናና ለሳሙና መሥሪያ የሚሆን ሶዳ የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። አብራው የምትኖረው እህቱ ኢክላስ እንደነገረችኝ፣ ልጅ ሆኖ የሳሙና ካርቶን እየቀደደ በጀርባው ላይ ሒሳብ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን አባቱን «ሶዳው ዘይቱን ምን ቢያደርገው ነው ሳሙና የሚሆነው?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። እሳቸውም «እኔ ሻጭ ነኝ እንጂ መርማሪ አይደለሁም፤ ዞር በል፣ ደንበኛ መጥቷል» ይሉታል። ያኔ የያዘው ቅያሜ እስከ ዛሬ አልለቀቀውም ትላለች ኢክላስ። እኔ እንኳ አንድ ሰው ከአባቱ ጋር ተቀይሞ ሰፈሩን ሁሉ እንዴት ይቀየማል እላለሁ። ግን አልተማርኩም፣ ላውቅ አልችልም።

ማትሪክ በጥሩ ውጤት አልፎ ኢንጂነሪንግ ገባ። እዚያ የሀብታም ልጆች «ኦሞ» የሚል ስም አወጡለት። «ኦሞ መጣ፣ ልብሳችሁን አምጡ» ይሉት ነበር አሉ። እሱ አይስቅም፤ ፈተና ሲደርስ ብቻ ሁሉንም ይበልጣቸዋል። ከዚያ ሕንድ አገር ተልኮ ዶክተር ሆኖ ተመለሰ። ሲያስተምር ግማሽ ክፍል ይጥላል። የታክሲ ሹፌሩን የሙኒርን ወንድም ዳዊን ሁለት ጊዜ ጥሎት ልጁ ትምህርቱን ትቶ ወጣ። ሙኒር ይሄን አልረሳም።

የዩኒቨርሲቲ መምህር ማዕረግ እንደ ደረጃ ነው የሚወጣው አሉ፦ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ መጨረሻ ላይ ሙሉ ፕሮፌሰር። እሱ ተባባሪው ላይ ቆሞ ቀረ። ባመለከተ ቁጥር ይመልሱታል። አንድ ጊዜ እንግዳ በተሞላ ስብሰባ ላይ የሥራ ባልደረባውን «ይሄ ጥናት የተገለበጠ ነው፤ ያውም በደንብ አልተገለበጠም» ብሎት ነበር። ያ ሰውዬ በኋላ ማዕረግ ከሚሰጡት አንዱ ሆነ። ኢክላስ ይሄን ስትነግረኝ እያለቀሰች ነው። እኔ ግን ከልቤ ሳቄ መጣ።

ሙኒር ይሄን የማዕረግ ነገር ከሰማ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ታክሲው በር ላይ ቆሞ ይጣራል።

«ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! አንድ ሰው ተኩል የቀረው! ፕሮፍ ይግቡ፣ የግማሽ ቦታ አለን!»

እሱ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ ይገባና «ዝም ብለህ ንዳ። ወንድምህም አፉን ብቻ ነበር የሚያሠራው» ይለዋል። ተሳፋሪው በሙሉ ወደ መስኮቱ ይዞራል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። እኛ ሴቶች በማኅበር ተደራጅተን በእትዬ መይሙና ግቢ ፈሳሽ ሳሙናና በረኪና እናመርት ነበር። በርሜል፣ ረጅም እንጨት፣ አንድ መጋዘን፣ ሌላ ምንም የለንም። ሥራውን የለመድነው አንዷ ከአንዷ እያየች ነው። በሥራችን መሐል የእሱ ራስ በአጥሩ ላይ ብቅ ይላል። በዚያኛው በኩል ብሎኬት ደርቦ ይቆምበታል። በበራችን ገብቶ አያውቅም።

«ውሃውን ሶዳው ላይ አይደለም! ሶዳውን ነው ውሃው ላይ፣ ቀስ እያላችሁ! ዓይናችሁ ቢፈስ ማን ሊመራችሁ ነው፣ ደንቆሮዎች!»

ሌላ ቀን ደግሞ፦ «ጓንት! ጓንት የሚባል ነገር አልሰማችሁም? እጅ ነው አካፋ ነው እሱ?»

እትዬ መይሙና በዕድሜ ትበልጠዋለች፤ አትፈራውም። «አንተ! ንፍጥህን ጠርጌ ያሳደግኩህ ልጅ! ውረድ ከብሎኬቱ!» ትለዋለች። እሱ «ንፍጥ መጥረግና ኮስቲክ ሶዳ አንድ አይደለም» ብሎ ይወርዳል።

እውነቱን ልናገር፤ ከዚያ በኋላ ሶዳውን ወደ ውሃው መጨመር ጀመርን። ጓንትም ገዛን። ይሄን ከእሱ ሰማን ያለች ግን የለችም።

በረኪናው ላይ ግን የደረሰው ደረሰ። ተክለ ሃይማኖት ያሉ ገዢዎች ጄሪካኑን ከፍተው ያሸታሉ። አፍንጫ ካልቆነጠጠ «ውሃ ነው» ብለው ይመልሱታል። እኛ ዘንድ በረኪና የሚመዘነው በአፍንጫ ነው። አንድ ሰሞን በተከታታይ ተመለሰብን። የእትዬ መይሙና ልጅ አማል «የሽንት ቤቱን አሲድ ትንሽ ብንጨምርበት ሽታው ይጠነክራል» አለች። ሁላችንም ልክ ነሽ አልናት። መጋዘኑ ውስጥ ጨመረችበት።

ቢጫ የሚመስል ጢስ ከበርሜሉ ተነሣ። አማል ጉሮሮዋን ይዛ ወደቀች። እኛም ማሳል እንጂ መጮህ አቃተን። ያኔ እሱ አጥሩን ዘሎ ገባ። እርጥብ ፎጣ አፉ ላይ አስሮ ነበር። አማልን በብብቷ ጎትቶ አወጣት።

«መሬት አትቀመጡ! ጢሱ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው! ወደ ደረጃው ውጡ! በበሩ ዙራችሁ ወደ እኔ ቤት ደረጃ! እናንተ የአህያ ዘሮች፣ ውጡ!»

አማል ሆስፒታል ገብታ ተረፈች። ድምፅዋ ብቻ እስካሁን እንደ ሻከረ ነው። በዚያው ሳምንት የወረዳ ሰዎች መጥተው መጋዘናችንን አሸጉት። እሱ ከጎናቸው ቆሟል።

«ያመለከትኩት እኔ ነኝ» አለን። «ሌላ ሰው አትጠርጥሩ።»

እትዬ መይሙና «ልጄን አተረፍክልኝ ብዬ ልመርቅህ ነበር፤ እንጀራዬን ስትዘጋብኝ ምን ልበልህ?» አለችው።

«ምንም አትበይኝ።»

ከዚያ ወዲህ እኔ ሜክሲኮ፣ ባቡሩ ከሚያልፍበት ድልድይ ሥር፣ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ እሸጣለሁ። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ሳህኔን ይዤ እሮጣለሁ። በሮጥኩ ቁጥር እሱን አስበዋለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ያስተማረ ሰው፣ አንድ ቀን በበር ገብቶ፣ ወንበር ስቦ፣ «እህቶቼ፣ እንዲህ ነው የሚሠራው» ቢለን ምን ነበረበት? ስድቡን አይደለም እኔ የያዝኩበት፤ ይሄን ነው።

ባለፈው የጾም ሰሞን ኢክላስ ወደ ቤቴ መጣች። ነጠላዬን ያዝ አድርጋ «ሸዋዓለም፣ የወንድሜ ነገር እናንተ እጅ ገብቷል» አለችኝ። ለሙሉ ፕሮፌሰርነቱ ጥናቱም ማስተማሩም አልፎለታል፤ የቀረው የማኅበረሰብ አገልግሎት የሚሉት ነው። እሱም የልደታን ሳሙና አምራች ሴቶች አሠልጥኛለሁ ብሎ ጽፏል። ከዩኒቨርሲቲው ሁለት ሰዎች እኛን ሊጠይቁ ሐሙስ ይመጣሉ። ጡረታው ደርሷል፣ ሌላ ዙር አይጠብቀውም።

«መቼ ነው ያሠለጠነን?» አልኳት።

ኢክላስ አቀርቅራ «በአጥሩ ላይ ነዋ» አለች። «እሱ ሲጮህ እያስተማረ ነው የሚመስለው። ክፍል ውስጥም እንደዚሁ ነው። እየዋሸ አይደለም፣ ሸዋዬ፤ ከልቡ ነው።»

እትዬ መይሙና ይሄን ስትሰማ ሻርፗ እስኪወርድ ሳቀች። ስትጨርስ ግን ፊቷ ተለወጠ። «በበሬ ይግባ። ሽማግሌ ባለበት ይቅርታ ይበለኝ። ያኔ 'አዎ አሠልጥኖናል' እንላለን። ካላለ ግን አናውቀውም።»

የማኅበሩ ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ ስሜን መጻፍ የምችለው እኔ ብቻ ስለነበርኩ። ስለዚህ ሐሙስ ተናጋሪዋ እኔ ልሆን ነው። ከአንድ ወገን ኢክላስ «አዎ በይ»፣ ከአንድ ወገን እትዬ መይሙና «አናውቀውም በይ»።

ረቡዕ ከሰዓት የእድራችን ዳኛ ሐጂ አብዱራህማን እሱን ይዘው መጡ። በራችን ላይ ቆመ፣ አልገባም። ሰፈሩ ተሰብስቧል።

ሐጂ «ነስረዲን፣ አንድ ቃል ናት። በል እንጂ ልጄ» አሉት።

«ምን ልበል?»

«ለስድቡ ይቅርታ በልና እንሂድ።»

«ለስድቡ ይቅርታ ካልኩ ለሌላውም ይቅርታ እንዳልኩ ነው የሚቆጥሩት። ነገ ተመልሰው በርሜሉ ላይ ናቸው።»

እትዬ መይሙና «ስለ በርሜሉ ማን ጠየቀህ? ደንቆሮ ላልከኝ ነው!» አለች።

«በረኪና ላይ አሲድ ለሚጨምር ሰው ሌላ ምን ስም አለው?»

ሙኒር ከኋላ ሆኖ «ፕሮፍ፣ ግማሹን ይቅርታ ዛሬ በሉና ግማሹን ለነገ!» ሲል ሰዉ በሳቅ አወካ። ሐጂ ከዘራቸውን መሬት መትተው «አላህ ይገላግለን» ብለው ሄዱ። እሱም ዞሮ ሄደ። ቃሏን አልተነፈሳትም።

ሐሙስ ሁለቱ ሰዎች መጡ፤ አንድ መነጽር ያደረገ ሰውዬና አንዲት ወጣት ሴት። ከታሸገው መጋዘን ፊት ለፊት ወንበር ሰጠናቸው። እሱ የት ነበር ብትሉ፣ እዚያው አጥሩ ላይ ደረቱ ድረስ ይታያል።

ሰውዬው «ወይዘሮ ሸዋዓለም፣ ዶክተር ነስረዲን ሥልጠና ሰጥተዋችኋል?» አለኝ።

ኢክላስ ታየኛለች። እትዬ መይሙና ታየኛለች። እኔ ሰው ፊት ስናገር እንደምንተባተብ ሁሉም ያውቃል። አዎ ብል ስድቡን ዋጥኩት ማለት ነው። አናውቀውም ብል ደግሞ የአማል ሻካራ ድምፅ ከኋላዬ አለ።

«ያለውን ልናገር?» አልኩ።

«ያለውን።»

«ሶዳውን ውሃው ላይ ጨምሩ፣ ደንቆሮዎች፤ ብሎናል። ጓንት አድርጉ፣ እጅ ነው አካፋ ነው፤ ብሎናል። ጢሱ መሬት ለመሬት ይሄዳል፣ ደረጃ ላይ ውጡ፣ የአህያ ዘሮች፤ ብሎናል። ሁሉንም ከዚያ ላይ ሆኖ ነው ያለን። ያለንን አድርገናል። ከዚያም አስዘግቶናል።»

ወጣቷ አፏን በእጇ ሸፈነች። ሰውዬው ወደ አጥሩ ቀና አለ።

«ዶክተር፣ እውነት ሰድበዋቸዋል?»

«አዎ። ከመካከላቸው የሞተች ግን የለችም።»

ወጣቷ «ምክሩ ሠርቶላቸዋል እኮ» አለች በቀስታ።

«ሠርቶ ይሆናል» አለ ሰውዬው። «ግን ሥልጠና ብዬ ልይዝለት አልችልም። አዝናለሁ ዶክተር። ያለዚህ ነጥቡ አይሞላም።»

ኢክላስ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። እሱ ፊቱ አልተለወጠም። እኔን ብቻ ትክ ብሎ አየኝ።

«ሳሙናው ላይ ጨው መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው ብያችሁ ነበር። እሱን ረሳሽው» አለኝና ወረደ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ መይሙና ግቢ ድንቼን ልቀቅል እሳት እያያያዝኩ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። ግንበኛ አምጥቶ አጥሩን ከፍ እያስደረገ ነው። ራሱ አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ይመጣል።

«ውሃ አታብዛ! ሲሚንቶ ነው እንጂ ሾርባ አይደለም! ስንት ጊዜ ነው የምነግርህ፣ አንተ ደንቆሮ!»

እትዬ መይሙና ከግቢዋ መሐል ቆማ ወደ ላይ ጮኸች።

«ፕሮፍ! ይሄንንም አስመዝግበው!»